«ፍሥሐ ሰው» አይባልም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንድ ሟች አረጋዊ በወጣው የሕይወት ታሪክ ውስጥ «ፍስሃ ሰው ነበሩ» የሚል ሐረግ አነበብሁ። ጸሐፊው ሊሉ የፈለጉት ይገባኛል፤ ሟቹ ፊታቸው የማይጠቁር፣ ሰውን በደስታ የሚቀበሉ እንደ ነበሩ ነው። ቃሉ ግን ይህን አይልም።

ፍሥሐ በግእዝ የደስታ ስም እንጂ የደስተኛው ሰው ጠባይ መግለጫ አይደለም። በፋሲካ ሰሞን ካህኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ «እምይእዜሰ ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» ሲሉ፣ ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ ማለታቸው ነው፤ ሁለቱም ስሞች ናቸው። ጠባዩን የሚገልጸው ቅጽል ለወንድ ፍሡሕ፣ ለሴት ፍሥሕት ሲሆን፣ የኋለኛውን ከመልአኩ ሰላምታ፣ «ተፈሥሒ ፍሥሕት» ከሚለው፣ ግእዝ ያልተማረ ሰው እንኳ በጆሮው ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ ይህንኑ ባምታታ ጊዜ የኔታ አልተቆጡኝም፤ «ቅዱስ፣ ቅድስት፤ ፍሡሕ፣ ፍሥሕት» እያሉ ደጋግመው ካስባሉኝ በኋላ፣ «ለመሆኑ አንተ ቅድስና ሰው ትላለህ?» ብለው ዝም አሉ።

በፊደሉ አልከራከርም፤ ሥርወ ቃሉ ንጉሡን ሠ እና ሐመሩን ሐ ቢፈልግም፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ቆይቷል። የሰው ስም ሲሆንም ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጃቸውን ደስታ ወይም ሰላም እንደሚሉት ሁሉ ፍሥሐ ያሉ ወላጆች አልተሳሳቱም።

ፍሡሕ ራሱ ከጸሎትና ከቅኔ ውጭ እምብዛም ስለማይሰማ፣ ጸሐፊው እርሱን ይጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ፍልቅልቅ የሚል ቃል አለን፤ ከምንጭ እንደሚፈልቅ ውኃ ደስታው ከፊቱ የማይደርቅ ሰው የሚጠራበት ነው። ተጫዋች የሚለውም አለ፤ ዛሬ የኳስ ሜዳው ጠቅልሎ ሊወስደው ቢቃረብም፣ እንግዳን «ተጫወት እንጂ» የምንለው ኳስ አቀብለን ሳይሆን እንዲያወጋን ፈልገን ነው። ሆኖም ተጫዋችነት የአንደበት ነውና፣ አፉን ሳይከፍት ፊቱ ብቻ የሚፈካ ሰው ተጫዋች አይባልም። በጽሑፋችሁ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ «ንግግር አያበዙም ነበር» የተባሉት እኒያ አረጋዊ ግን ፍልቅልቅ ቢባሉ ልክ በሆነላቸው ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢ