ግፊትህን ተለካ፤ ስለ እኔ ጉዞ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን

ውድ ልጄ፣

መልእክትህ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። በዚህ ዕድሜ፣ ግፊትና ስኳር እያለብኝ፣ ከአገር አገር መዞሬ እንቅልፍ እንደነሳህ፣ ጉዞዬን አቋርጬ በቶሎ እንድመለስም እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ስጋትህ ከፍቅር እንደመጣ አላጣሁትም፤ ስለዚህም አልተቀየምሁህም። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን እህትህ ደውላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ሥራ ላይ ሳለህ ራስህን አዙሮህ ግድግዳ ተደግፈህ ቆይተሃል፤ ባልደረቦችህ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ሲሉህም «ድካም ነው፣ ያልፋል» ብለህ መልሰሃቸዋል። እህትህን እንዳትቆጣት፤ ድምጿ ልክ አልመስል ቢለኝ አጥብቄ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ ከሁለታችን ማን ስለ ማን ሊሰጋ እንደሚገባ እንተሳሰብ።

እኔ ያለብኝን አውቃለሁ። ግፊቴ ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት እንደሚሆን፣ ስኳሬም መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ በደብተሬ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንተ ግን 44 ዓመት ሞልቶህ፣ ክንድህ ላይ የግፊት መለኪያ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታሰረ ብትጠየቅ የምትመልሰው የለህም። አያትህ ግፊት ነበረበት፤ እኔም አለብኝ፤ በሽታው ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም፤ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን እየጎዳ እንኳ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይምና። ማዞር ሁሉ ግፊት ነው አላልሁም፤ እንዳልኸው ድካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳይለኩ ድካም ነው ብሎ መደምደም ራስን መደለል ነው። ስለዚህ የቀረውን ከማንበብህ በፊት ይህን ያዝልኝ፤ ግፊትህን ተለካ።

አሁን ስለ እኔ ወደጠየቅኸው ልምጣ። ከቤት የወጣሁት እንዲሁ ሻንጣ አንጠልጥዬ አይደለም። ገና ቲኬቱ ሳይቆረጥ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ስንት ሰዓት እንደምበር፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠብቀኝና የት የት እንደማድር አንድ በአንድ ነገርኋት። እሷም የታዘዘልኝን ሁሉ፣ የግፊቱን አምሎዲፒንም፣ የስኳሩን ሜትፎርሚንና ኢንሱሊንም፣ ከነመጠኑ ጽፋ፣ ፈርማና ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ። የፋብሪካ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ በሰው አገር መድኃኒት ቤት የሚያግባባው የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። ለጉዞው ከሚበቃኝ በላይ ይዣለሁ፤ ሁሉም የሚጓዘው በእጅ ሻንጣዬ ነው። ኢንሱሊን በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ከተላከ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይታመንም። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ቀኑ ያጥራል፣ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ የመርፌዬን ሰዓትና መጠን እንዴት እንደማስተካክል በወረቀት ሠርታልኛለች። የጉዞ ዋስትናውን ስገባም ያለብኝን በሽታ ሁሉ አስመዝግቤአለሁ፤ የተደበቀ በሽታ በተነሣ ጊዜ ድርጅቱ አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛልና።

ረጅሙን በረራ በተመለከተ የጻፍኸው ስጋት እውነትነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው በደም ሥሩ ውስጥ ደም የመርጋቱ ዕድል በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪና ለሚጓዘውም ጭምር ነው። ቢሆንም ለጤነኛ ሰው አደጋው ከ6,000 አንድ ገደማ ነው። ዕድሜ ስለሚያባብሰው ሐኪሜ እግር የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ አዘዘችልኝ። እሱን ስለብስ ብታየኝ በሳቅ ትሞታለህ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲውን እስከ ተረከዙ እገለብጠዋለሁ፤ ጣቶቼን አስገብቼ ተረከዙን በቦታው ካስያዝሁ በኋላ ትንሽ በትንሽ ወደ ጉልበቴ አወጣዋለሁ፤ ከዚያም መጨማደዱ እንደ ገመድ እንዳያንቀኝ በመዳፌ ወደ ላይ አለሰልሰዋለሁ። በጉዞው ላይ ክፍል የምትጋራኝ ሴትዮ በሩን አንኳኩታ «ጦርነቱ አለቀ?» ትለኛለች። በአውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሬን ከመተላለፊያው ዳር አስይዛለሁ፣ በየሰዓቱ እነሣለሁ፣ ተቀምጬም ቁርጭምጭሚቴን አሽከረክራለሁ። አንደኛው እግር ብቻ ካበጠና ካመመኝ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለብኝም አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን ቤቴ አልቀመጥም? አያትህን ታስታውሰዋለህ፤ አንተ የደረስህበት ግን በወንበሩ ላይ ነው። በደህናው ዘመኑ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጭነት ይዞ ወደብ ድረስ ይወርዳል፤ አራግፎ ወዲያው መመለስ ስለነበረበት ባሕሩን የሚያየው ከመሪው ጀርባ ሆኖ፣ በመጋዘኖቹ መካከል ነበር። ጡረታ ስወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ባሕር ዳርቻ እቀመጣለሁ ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ልቡን እንዳመመው ታወቀ፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳያነሣና ራሱን እንዳያደክም መከረው። አጎቶችህ ተሰብስበው ከደጅ እንዳይወጣ ወሰኑ፤ የወሰኑትም ስለሚወዱት ነበር። ጫማው ከአልጋው ሥር ተነሥቶ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ኖረ፤ በመጨረሻ የሞተውም በልቡ አልነበረም። ዛሬ ሐኪሞች ለልብ ሕመምተኛ ከኪኒኑ ጋር ልኩን የጠበቀ እንቅስቃሴ ያዝዛሉ፤ ያን ጊዜ ግን የታመመ ሰው ሥራው መቀመጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አንድ ቀን መድኃኒቱን ሳቀብለው «ስንት ዓመት ወደብ ስመላለስ እግሬን ባሕር አላስነካሁትም» አለኝ። ሲሻልህ ትሄዳለህ አልሁት። የሚሻል በሽታ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ቤት ያስቀመጠው በሽታው እንዳልነበረም እሱ ሳያውቅ አልቀረም። እነዚያ ዓመታት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። «እማዬ፣ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» የሚለውን ቃልህን ሳነብ የአጎቶችህ ድምፅ ነው የመጣብኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተኮሳተርሁበት ቦታ ቢኖር ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ እንዴት እንደሚያሠቃየኝ ታውቃለህ። ውኃው እስከ አንገት ሲደርስ እግር የሚሸከመው የሰውነት ክብደት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው ይባላል፤ እኔ ቁጥሩን የሰማሁት በኋላ ነው፣ በዚያች ሰዓት የማውቀው ጉልበቴ ጸጥ ማለቱን ብቻ ነበር። ያቺ የክፍል ጓደኛዬ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝና በምርኩዝ የምትሄድ ሴት፣ ምርኩዟን አሸዋው ላይ ሰክታ ቀድማኝ ገብታ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እንደ ልጅነታችን ጮኽን። ለነገ የምንነጋገረው የት እንደምንሄድ ነው፤ ምን እንደሚያምመን የምንጠያየቀው ለጥቂት ደቂቃ፣ ጠዋት ኪኒን ስንውጥ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ በዚህ ዕድሜዬ ይጠብቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከሁሉ በላይ ያስገረመኝም ኪኒኑና ደስታው አንድ ቀን ውስጥ ያለ ጠብ መዋላቸው ነው።

ሁሉም መልካም ነበር ብዬ ግን አልዋሽህም። በጣም በሞቀ ቀን፣ ብዙ ከተራመድን በኋላ፣ ከአግዳሚ ወንበር ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይደክማል፤ ሰውነቱ ውኃ እያጣም አልጠማኝም ይላል። የግፊት መድኃኒት፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና ከሆነ፣ ይህን ያባብሰዋል። ጥላ ውስጥ ተቀመጥሁ፣ ግፊቴን ስለካ ወርዶ አገኘሁት፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ለሐኪሜም ደወልሁላት፤ በማግስቱ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ተኝቼ ዋልሁ። ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሚወጣው የተራራ ጉዞም ሐኪሜን ሳላማክር አልሄድም ብዬ ቀርቻለሁ፤ አልተከፋሁም። ልብ በል፤ ያን ቀን በቶሎ ያረፍሁት የሚለካ ዕቃ በቦርሳዬ ስለነበረና ቁጥሩን ማንበብ ስለምችል ነው። አንተ ግድግዳ የተደገፍህ ቀን በእጅህ ምን ነበረህ? ግፊትህን ተለካ እኮ ነው የምልህ።

አለካኩም ሥርዓት ስላለው በደንብ አንብበው። ከመለካትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጣ፣ አታጭስ፤ ሲጋራውን ተውሁት ያልኸኝን ለማመን ብፈልግም እህትህ በዚህ ነገር ዝም ብላኛለች። ሽንትህን ሽና። ጀርባህን ደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር መሬት አስረግጠህ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለህ ተቀመጥ። ክንድህን በልብህ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፍ፤ መለኪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ እየተለካህም አታውራ፣ ስልክህንም አትመልከት። አንድ ደቂቃ ቆይተህ ድገመው። በተለያዩ ቀናት ተለክተህ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ የሚልህን ስማ፤ መድኃኒት ቢያዝልህም «ደህና ነኝ» ብለህ በራስህ ሥልጣን እንዳታቋርጠው። ጨውህን ቀንስ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ለባለቤትህ ደግሞ ይህን አንብብላት። ፊትህ በአንድ ወገን ቢጣመም፣ አንድ እጅህ ቢዝል፣ ወይም አንደበትህ ቢተሳሰር፣ ይተኛና ይለፍለት ብላ እንዳትጠብቅ። ይህ የስትሮክ ምልክት ነው፤ በአንጎል ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ትሩጥ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ የእኔን ሐኪም ስልክ፣ የመድኃኒቴን ዝርዝርና የዋስትናዬን ቁጥር ለእህትህ ሰጥቼ እንደወጣሁ ሁሉ የአንተም ጉዳይ በሰው እጅ እንዲኖር ስለምፈልግ ነው።

የቤቴ ቁልፍ እህትህ ዘንድ አለ። ወጥ ቤት ካለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከታች፣ አሮጌው የግፊት መለኪያዬ ተቀምጧል፤ ባትሪውን ቀይረህ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ከእነሱ መለኪያ ጋር አስተያይተህ ውሰደው። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ እየተለካህ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረህ፣ ቁጥሮቹን ጽፈህ ላክልኝ፤ የምመለስበትን ቀን የምነግርህ ወረቀቱ ከደረሰኝ በኋላ ነው።

የምትወድህ እናትህ