«አታስብ፣ አንጣላም» ኮሚሽን አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የሕትመት ሱቅ አለኝ። ቲሸርት፣ ባነር፣ የሠርግ ካርድ እናትማለን። የምጽፍላችሁ አዲስ ደንበኛ ለሚያመጣ ሰው ስለሚከፈል ኮሚሽን ነው።

የእኛ ሥራ የሚደራው ለጥምቀት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ፊት ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት የየሰፈሩ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳሉ። ያን ቲሸርት ማን ያትመው የሚለው ፉክክር ከኅዳር ይጀምራል። ዘንድሮ አንዲት የማራኪ ልጅ የ200 ቲሸርት ትእዛዝ ይዛ መጣች። ቀብዱን አስቆጥራኝ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ የእኔስ ስንት ነው?» አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣው «አታስቢ፣ አንጣላም» የሚል ነበር። ደነገጥኩ። ይህን ቃል ከማን እንደተማርኩት አውቃለሁ።

ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሌላ ማተሚያ ቤት ስድስት ዓመት ሴልስ ነበርኩ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ለማምጣት ርእሰ መምህሩን አራት ጊዜ ደጅ ጠናሁ። በአራተኛው ቀን ዶፍ እየወረደ ነበር። የውጤት ካርዱን ናሙና በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ገባሁ፤ እኔ በሰበስኩ፣ ናሙናው አልረጠበም። ሥራው ተገኘ። የመጀመሪያው ዓመት ተከፈለኝ። በሁለተኛው ዓመት ስጠይቅ «እነሱ እኮ አሁን የቤቱ ደንበኛ ናቸው፣ ያንተ አይደሉም» ተባልኩ። ምን ብዬ ልከራከር? ሲቀጥሩኝም «አታስብ፣ አንጣላም» ነበር ያሉኝ፤ የተጻፈ ነገር የለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ኮሚሽንን ከደመወዝ እንደማይቆጥረው ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ኮሚሽን አለው» የምትባሉ ልጆች፣ ይህን አንቀጽ አንብቡት።

አሁን ደግሞ ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሒሳቡ ከዚህ ሲታይ ሌላ ነው። ልጅቷ የሰማችው «አሥር ፐርሰንት» የሚል ወሬ ነው። አንዱን ቲሸርት ከቫት በፊት በ450 ብር ተዋዋልን፤ የ200ው 90,000 ብር ነው። ባዶ ቲሸርቱ፣ ቀለሙና የሠራተኛው ተደምሮ አንዱ 360 ይፈጅብኛል። ከሁሉም የሚተርፈኝ 18,000 ብር ነው። ከሽያጩ አሥር ፐርሰንት ልስጥ ብል 9,000 ሄደ፤ ግማሹ ትርፌ ማለት ነው፣ የሱቅ ኪራይ ገና ሳይነሣ። የሠርግ ካርድ ቢሆን ኖሮ ትርፉ ሰፊ ስለሆነ ያው አሥር ፐርሰንት አይከብደኝም ነበር። ስለዚህ ሁሌም ፐርሰንቱን ብቻ ይዞ መጨቃጨቅ አይገባኝም። የምን ፐርሰንት? ጥያቄው እሱ ነው።

ቁጭ አድርጌ ወጪውን በወረቀት አሳየኋት። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፤ ትርፉን ለሠራተኛ ማሳየት ገመናን ማሳየት ይመስለዋል። እኔም እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ተስማማን። ከመጀመሪያው ትእዛዝ ትርፍ 20 ፐርሰንት፣ ማለትም 3,600 ብር። እነዚያው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሥራ ካመጡ ከዚያም ትርፍ 10 ፐርሰንት። ክፍያዋም ደንበኛው በከፈለ ልክ ነው፤ ግማሽ ቀብድ ከገባ ግማሿን ትወስዳለች። በዱቤ ወስዶ የጠፋ ደንበኛ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ካልገባ ብር ላይ ኮሚሽን መክፈል አልችልም። ዋጋ ቀንሺልን ካሏት ደግሞ መጀመሪያ ትደውልልኛለች፤ የተቀነሰው ከሁለታችንም ነው የሚጎድለው።

ለምን አንድ ዓመት ብቻ? ከዚያ በኋላ ደንበኛውን የሚያቆየው ሥራው ነው ብዬ ነው። የከተራ ዋዜማ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ማሽን ላይ የሚያመሸው ልጅም ድርሻ አለው፤ እሱን ማንም ኮሚሽን ብሎ አስታውሶት አያውቅም። (የእሱን ነገር ገና አልፈታሁትም።) እርግጥ ደንበኛውን እየዞረች የምትጠይቀው፣ ቅሬታውን የምትሰማው እሷ ከሆነች ዓመቱ ሲሞላ እንደገና እንነጋገራለን።

በሁለት ኮፒ ጽፌ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አዘግይተውት ልጆቹ ቀብዳቸውን ቢያስመልሱስ? የእኔ ይቀራል?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብያት፣ ጥፋቱ የሱቁ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍያዋ እንደማይመለስ ከታች ጨመርኩ። ሁለታችንም ፈረምን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕትመት ሱቅ ባለቤት
ከጎንደር