ከሞት የተረፈ ሰው ያለ ቀጠሮ አይሸኝ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በዚሁ ዞን በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጽፍላችሁ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው በሕይወት ስለተረፉ ሰዎች ነው።

ሌሊት በቃሬዛ የምትመጣ ሴት አለች። ያመጣት ወንድሟ ገና ሳንጠይቀው «በስህተት ነው» ይላል። ሐኪሙም ነርሱም ተረባርቦ ያተርፋታል። በሦስተኛው ቀን የመውጫ ወረቀቷ ላይ «ተሽሏታል» ተብሎ ይጻፍና ጋቢዋን ተከናንባ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። ቀጠሮ የላትም። ምን እዚያ እንዳደረሳት የጠየቃት የለም፤ ወረፋው ያጣድፋል፣ ቤተሰቡም እንድትጠየቅ አይፈልግም። ወሬው ከወጣ የቤቱ ስም ይጠፋል፤ ነገ ክፉ ቢመጣ ፍትሐት ይከለከላል የሚለው ፍርሃትም አለ። መዝገቡ ላይ የሚቀረው «መመረዝ» የሚል አንድ ቃል ነው።

አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው እንደገና የመሞከር ዕድሉ ጭራሽ ካልሞከረው እጅግ ይበልጣል። አደጋው የሚበረታው ደግሞ ከሆስፒታል በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ነው። ልክ እኛ እጃችንን በምናነሣበት ጊዜ ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ይሞታል፤ አብዛኛውም እንደኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተሞከረ «አሲፕ» የሚባል አጭር የንግግር ሕክምና አለ። ታካሚውና ሐኪሙ በዋናነት ሦስት ጊዜ ነው የሚገናኙት። በመጀመሪያው ቀን ታካሚው እዚያ ያደረሰውን ነገር ማንም ሳያቋርጠው በራሱ አንደበት ይተርካል፤ ትረካው በቪዲዮ ይቀረጻል። በሁለተኛው ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀረጻውን እያዩ ጭንቀቱ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደጠና ይፈልጋሉ። በሦስተኛው የአደጋ ምልክቶቹ፣ በዚያ ሰዓት የሚያደርገውና የሚደውልለት ሰው በኪስ በሚያዝ ካርድ ላይ ይሰፍራሉ። ከዚያ ለሁለት ዓመት አልፎ አልፎ አጭር ደብዳቤ ይላክለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት 120 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ2 ዓመት ተከታትሏል። ሕክምናውን ባገኙት ዘንድ 5፣ ባላገኙት ዘንድ 41 ድጋሚ ሙከራ ተመዝግቧል።

በኋላ በሄልሲንኪ ከሌላ የቀውስ ጊዜ ምክር ጋር ሲወዳደር ግን ጉልህ ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ እንዳለ እናምጣው አልልም። እዚሁ ይፈተን ነው የምለው።

የሚፈተነውም ከአገሩ ጋር ተስማምቶ ነው። «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገ የመንዝ ገበሬ ካሜራ ሲያይ አፉን ሊዘጋ ይችላል፤ ድምፁን ብቻ መቅዳት ወይም ሐኪሙ የሰማውን መልሶ እንዲተርክለት ማድረግ ይሻል እንደሆነ ይታይ። ማንበብ ለማይችል ካርዱ በቃል ይያዝለት፣ የሚያምነው ሰውም አብሮ ይስማው። ደብዳቤው በስልክ ይተካ። ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ «ማን ነው የደወለው?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ከመውጣቱ በፊት ከታካሚው ጋር መስማማትን ይጠይቃል። ኔትወርክ በሚጠፋበትና መንገድ በሚዘጋበት ወረዳ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ጎረቤት ናትና ታካሚው ካልፈቀደ እሷ መሆን የለባትም። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚገባውንም ከጸበሉ አንለየው፤ ቀጠሮው እዚያው ይድረሰው።

ክትትሉ ብቻውን እንኳ ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና 1,867 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አድርጎ ነበር። የአንድ ሰዓት ምክርና በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል መጠየቅ፣ ይኸው ነው። ራሱን አጥፍቶ የሞተው በተለመደው አሠራር ከታከሙት 2.2 በመቶ፣ ከተጠየቁት ግን 0.2 በመቶ ነበር።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁ በዞኑ ሆስፒታሎች ፈተናውን አስጀምሩ፤ በዕጣ አጭሩ ሕክምና ያልደረሰው ታካሚም የተለመደው ሕክምናና የክትትል ቀጠሮ ይኑረው። የሥነ አእምሮ ነርሶቻችን ይሠልጥኑበት። የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ሙከራው በምስጢር የሚመዘገብበት ቦታ ይኑር፤ ያልቆጠርነው ነገር መቀነሱን ማወቅ አንችልም። ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ ሁለት ነገር ሳይዘገይ ሊታዘዝ ይችላል፦ ማንም የተረፈ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚውል ቀጠሮ ሳይዝ እንዳይወጣ፣ ለቤተሰቡም ፀረ ተባይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ሳይነገር እንዳይሸኝ።

ይህን የምታነቡ፣ ሐሳቡ ውስጣችሁ ያለ ሰዎች ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩና አብራችሁ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ኑ። አንቆጣችሁም።

የሞባይል ካርድ ወጪውና የአንድ ነርስ የግማሽ ቀን ሥራ በመጪው በጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ። በየትኛው ሆስፒታል እንደሚጀመር ስትወስኑ ለባለሙያዎቹ በጽሑፍ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
በሰሜን ሸዋ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ