እማዬ፣ ቀና ብላ እስክታይሽ ጠብቂያት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሚጡ ከማጅራት ገትር መትረፏ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «ጆሮዋ ግን አልመለስ አለ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት አድርጌ ላሳድጋት?» ብለሻል። ያኔ መስማት የማልችለውን እኔን ስታሳድጊ የሚነግርሽ ሰው አልነበረም። አሁን እኔ አለሁልሽ፤ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን። ማጅራት ገትር የውስጠኛውን ጆሮ ሲጎዳ፣ ድምፅ የሚቀበለው ጠመዝማዛ ክፍል ከሕመሙ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በአጥንት ሊሞላ ይችላል። አንዴ ከተሞላ ደግሞ፣ በቀዶ ጥገና የሚገባውን የመስሚያ መሣሪያ መትከል ከባድ ይሆናል። መሣሪያው ይገኝላት አይገኝላት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሩ ሳይዘጋ ግን ምርመራው በዚህ ወር ይደረግላት። ከኋላዋ ድስት አንኳኩታችሁ ስትዞር «ትሰማለች» ብላችሁ እንዳትተዉት። ልጅ ጥላ ያያል፣ የጣውላ ወለል ሲነዝር በእግሩ ይሰማዋል። ትክክለኛው ምርመራ ተኝታ ሳለች ራሷ ላይ ገመድ ተለጥፎ፣ የመስማት ነርቯና አንጎሏ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ የሚለካው ነው። ውጤቱ፣ የምትሰማው ዝቅተኛው ድምፅ ስንት እንደሆነ፣ በድምፅ ጉልበት መለኪያው በዴሲቤል ይነገርሻል። ተራ ወሬ 60 ያህል ነው። የሷ ከ90 በላይ ከወጣ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ከበሮና የመኪና ጡሩምባ ቢያሰማት እንኳ ቃል አጥርቶ ላይለይላት ይችላል። ከሰጧት ይደረግላት፤ ሲያፏጭ ግን ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ጠቧታል ወይም ልክ አልገባም ማለት ነው። ልጅ ስለሚያድግ ቅርጹ በየጥቂት ወሩ እንደገና ይሠራል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚወስዱት ትንሿ ባትሪ ልጣጯ ከተነሣ በኋላ ብትጠቀሙባትም ባትጠቀሙባትም እየደከመች ስለምትሄድ፣ አስቀድማችሁ አትላጡ።

ሌላም ነገር አለ። ይኸው በሽታ የሰውነት ሚዛንንም ይነካል። ስትራመድ የምትንገዳገደው፣ በተለይ ሲመሽ፣ ስለሰነፈች አይደለም፤ ሚዛኗን የምትጠብቀው በዓይኗ ስለሆነ ነው። ጨለማው ደግሞ መነጋገሪያዋንም ይወስድባታል። የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ይደር። መብራት ሲጠፋ ሻማውን ፊትሽንና እጅሽን በሚያሳይ ቦታ አስቀምጪው።

ጎረቤት «ምላሷ ታስሮ ነው፣ እንጥሏ ይቆረጥ» ማለቱ አይቀርም። እማዬ፣ እባክሽ እንዳታስነኪያት። ምላሷም እንጥሏም ከመስማት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ ቆራጩ የሚያመጣላት ነገር ቢኖር ደም መፍሰስና ቁስል ነው። ጆሮዋ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይግባ። ጠበሉን አልከለክልሽም፤ ውሰጂያት፣ ግን የምርመራው ቀጠሮ በጠበሉ ምክንያት አይለፍ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሚሰማ ልጅ እያየ ይሰማል። እናቱ «ይሄ ቡና ነው» ስትለው ዓይኑን ከቡናው ሳያነሣ ቃሉ በጆሮው ይገባል። ሚጡ ግን አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያላት። ወይ ቡናውን ታያለች፣ ወይ እጅሽን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማየት አትችልም። ብዙ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ሲያሳያት ውሎ «አልያዘ አላት» የሚለው ይሄን ባለማወቅ ነው፤ ቃሉ የሚነገረው እሷ ወደ ሌላ እያየች ነው።

ስለዚህ ቡና ስትቆዪ እንዲህ አድርጊ። ከጎንሽ ሳይሆን ፊት ለፊትሽ አስቀምጫት፣ ከምጣዱ ራቅ አድርገሽ። ቡናው ሲጤስ ትመለከታለች፤ ተያት፣ ትይ። እጅሽን አታወዛውዢባት፣ አገጯንም ይዘሽ አታዙሪያት፤ አገጩን የሚይዙት ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ጊዜ ምጣዱን ታያለች፣ ቆይታ አንቺን ቀና ብላ ታያለች። ያቺ ቅጽበት ናት ጊዜሽ። «ትኩስ» የሚለውን በምልክት አሳያት፣ ፊትሽም እንደተቃጠለ ሰው ይሁን፣ ከዚያ ወደ ምጣዱ ጠቁሚ። ትመለከታለች፣ ትመለሳለች፤ ደግመሽ «ትኩስ» በያት። ዕቃው፣ ምልክቱ፣ እንደገና ዕቃው። ቀና አልል ካለችሽ ምልክቱን ወደ ዕቃው አስጠግተሽ፣ ዓይኗ ባረፈበት ቦታ ሥሪው። ሁለት ሦስት ሳምንት መልስ ላትሰጥሽ ትችላለች። የሚሰማ ሕፃንም እኮ አንድ ዓመት ያህል ሰምቶ ነው «እማ» የሚለው።

በቀን ውስጥ በሚደጋገሙት ጀምሪ፦ ውሃ፣ ወተት፣ በቃ፣ ጨምሪልኝ፣ ያማል፣ ሽንት፣ ነይ፣ ቆይ፣ አለቀ። እነዚህን እስክትይዝ ሌላ አትፈልጊ፤ ከዚያ በኋላ ግን አትቆጥቢባት። ለአንዳንድ ነገር የራሳችሁን የቤት ምልክት መፍጠር ትችላላችሁ፣ እኔና አንቺም እንደዚያ ነበርን፤ ነገር ግን የቤት ምልክት ከግቢው በር አያልፍም። ከልጅነቷ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ ትልመድ። «ምልክት ከለመደች ንግግር ትተዋለች» የሚሉሽን አትቀበያቸው። ቋንቋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካልገባ ኋላ ንግግሩም ንባቡም መቆሚያ ያጣል፤ በእጅ የገባው ቋንቋ ደግሞ ለሌላው መሠረት ይሆናል። ጣቶቼ በቁርጥማት ደንድነዋል ብለሽ አትስጊ። ሚጡ የምታነበው ፊትሽን፣ ቅንድብሽን፣ ትከሻሽን ጭምር ነው።

ከንፈር ማንበብ ብቻውን አይበቃም። መስታወት ፊት ቆመሽ ድምፅ ሳታወጪ «በራ» እና «መራ» በዪ፤ ከንፈርሽ ያው ነው። «ገላ» እና «ቀላ»ም እንደዚያው፤ ልዩነታቸው ጉሮሮ ጋ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ታዲያ የከንፈር ንባብ ግማሹ ግምት ነው። ቢሆንም አግዢያት፦ መስኮቱ ከኋላሽ ሳይሆን ከፊትሽ ይሁን፣ አትጩሂ፣ ጩኸት አፍን ያጣምማል። ነጠላሽን ደግሞ አፍሽ ላይ አትከናነቢው።

ለፊደሉ ካንቺ የተሻለ አስተማሪ አታገኝም። የጣት ፊደላችን የተሠራው በገበታው ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ (ከ«በ» እስከ «ቦ» እንዳለው) አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ሰባቱን ድምፆች ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። «በ»ን ከያዝሽ እስከ «ቦ» ያለው የእንቅስቃሴ ለውጥ ብቻ ነው። ገበታውን ግድግዳው ላይ በቁመቷ ልክ ስቀይላት። ትልቅ ስትሆን «እኔ ነገረ እሷ» ብላ ብትጽፍ እንዳትደነግጪ። በምልክት ማን ለማን እንደነገረ እጁ ከየት ወደ የት እንደሄደ ያሳያል፤ አማርኛ ግን ሁሉንም «ነገርኳት» ውስጥ ጠቅልሎ ያስገባዋል። ጽሑፋችን የማይጠብቀውንና የሚጠብቀውን «አለ» እንኳ አይለይም፤ የሚሰማ ሰው በጆሮው ይለየዋል፣ እሷ ከዐረፍተ ነገሩ ትፈልገዋለች። ስለዚህ ቃል ነጥለሽ አታስጠኚያት፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አስነብቢያት።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ አለ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ሁሉም ሲስቅ ሚጡ «ምንድነው?» ትልሻለች። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አትበያት። በኋላ የሚባለው አይመጣም፤ ከመጣም ሳቁ አልቋል። ያኔውኑ በሦስት ምልክት ንገሪያት፦ አጎትሽ፣ በሬ፣ አመለጠው። ይበቃታል። ክትባት ስትወስጃትም መርፌውን ከቤት ሳትወጡ ሥዕል ሥለሽ አሳያት። ብዙ ጊዜ «አመለኛ» የሚባሉት የእኛ ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ ማንም ያልነገራቸው ናቸው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ተገናኝተን እንመክራለን። መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ መካኒሳና አልፋ የሚባሉት፣ ከዚያም ሆሳዕና ያለው አሉ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ዘንድ ሄጄ፣ ባላችሁበት አካባቢ ምልክት የሚያስተምር ሰው እጠይቃለሁ። ትልልቅ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቤት እየመጡ ቢያዩአት ደስ ይለኛል፤ በምልክት የምትጠራበትን ስሟንም እነሱ ያወጡላታል።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እደውላለሁ። ስልኩን በእጅሽ አትያዢው፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጋር አስደግፊው፣ ሁለቱም እጆችሽ ነፃ ይሁኑ። አምፖሉ ከፊታችሁ ይሁን። ሚጡ ጭንሽ ላይ ከተቀመጠች እጅሽን አታይም፣ ከጎንሽ አስቀምጫትና ትንሽ ወደ አንቺ አዙሪያት። እኔ «ውሃ» እላለሁ፣ አንቺ ትደግሚያለሽ፤ እሷ ማንኛችንን ቀድማ እንደምታይ እናያለን።

ልጅሽ