ደብዳቤ ለልጄ፦ ልቦለድሽ ውስጥ ስላለው ታይገር

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን አጭር ልቦለድ ደጋግሜ አነበብኩት። መቼቱን ሰንደርባንስ፣ ሕንድና ባንግላዴሽ የሚጋሩት የባሕር ዳር ረግረጋማ ጫካ፣ ማድረግሽ ጥሩ ምርጫ ነው። ጭቃው፣ በጨው ውኃ ውስጥ የቆመው ዛፍ፣ በቀን ሁለቴ የሚሞላውና የሚሸሸው ባሕር፣ ማር ቆራጮቹ ሁሉ ታይተውኛል። ያልታየኝ ታይገሩ ነው። በየገጹ «አስፈሪ»፣ «ባለ ግርማ ሞገስ»፣ «የሞት ጥላ» ይባላል እንጂ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ለምን ሰው ላይ እንደዞረ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ገና ከመጀመሪያው ተምሳሌት አድርገሽ ስላስገባሽው እንስሳነቱን አጣ። በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዘመን የተሻገሩት ታይገሮች መጀመሪያ ሥጋና አጥንት ያላቸው ናቸው፤ ትርጉማቸው የሚበቅለው ከዚያ ሥጋና አጥንት ነው። እንዴት እንደተሠሩ ላሳይሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺር ካንን አስቢው። ሩድያርድ ኪፕሊንግ በ1894 ባሳተመው «ዘ ጃንግል ቡክ» ውስጥ የዚህ ታይገር ክፋት የሚነሳው ከእግሩ ነው። ሲወለድ ጀምሮ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ እናቱ አንካሳው ብላ ስም እንዳወጣችለት እናት ተኩላ ስትናገር እንሰማለን። ዱር ውስጥ አሳድዶ መግደል ስላቃተው የኖረው የሰው ከብት እየገደለ ነው። ከብታቸው ያለቀባቸው መንደርተኞች ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ጫካውን ያስሳሉ፣ ሣሩን ያቃጥላሉ፣ ተኩላዎቹም ልጆቻቸውን ይዘው ይሰደዳሉ። የአንድ እግር ጉድለት የመጽሐፉን ጠብ በሙሉ ተሸክሞታል። አሟሟቱም ከአካሉ የመጣ ነው። በተኩላዎቹ መካከል ያደገው ልጅ ሞውግሊ ሸለቆው ውስጥ ሊያጠምደው ሲነሳ የሚጠይቀው፣ ዛሬ በልቷል ወይስ በባዶ ሆዱ ነው ብሎ ነው። ንጋት ላይ አሳማ ገድሎ በልቷል፣ ውኃም ጠጥቷል። በልቶና ጠጥቶ የከበደ ታይገር የሸለቆውን ገደል መቧጠጥም ሆነ መዋጋት አይሆንለትም። ከዚያ የጎሾቹ መንጋ ለሁለት ይከፈላል፤ ኮርማዎቹ ከሸለቆው ራስ ይለቀቁበታል፣ ላሞቹና ጥጆቹ ከግርጌ ይዘጉበታል። ሞውግሊ ብልጥ ነው፤ ብልጠቱ የታመነልን ግን የታይገሩን ሆድ ስላሰበ ነው።

በገሃዱ ዓለምም መዝገቡ ይህንን ይመስላል። አዳኙ ጂም ኮርቤት በ1907 ሰሜን ሕንድ ውስጥ የገደላት የቻምፓዋት ታይገር 436 ሰው ገድላለች ተብላ ተመዝግባለች። ከሞተች በኋላ አፏ ሲታይ በቀኝ በኩል የላይኛው ክራንቻ ለሁለት ተሰብሯል፣ የታችኛው ደግሞ እስከ አጥንቱ ጠፍቷል፤ ኮርቤት የድሮ ጥይት ጉዳት ነው ብሎ ጽፏል። የለመደችውን አደን መንከስ ስላቃታት ሰው ላይ ዞረች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምክንያት እንዳለ ወስደሽ ሰንደርባንስ ላይ አትለጥፊው። እዚያ ጤነኛ ታይገርም ሰው ይይዛል፤ አብዛኛው ሰው የሚያዘውም መንደሩ ውስጥ ተኝቶ ሳይሆን ማር፣ እንጨትና ዓሣ ፍለጋ ጫካውና ቦዩ ውስጥ ሲገባ ነው። አንቺ ግን ታይገርሽን የመንደር አጥር አዘልለሽ አስገብተሻል። እንደዚያ እንዲሆን ከፈለግሽ ምክንያቱን አካሉ ላይ አኑሪው፤ የተሰበረ ጥርስ፣ እግሩ ውስጥ የቀረ የወጥመድ ሽቦ፣ እርጅና። ካልሆነ ሰዎችሽ ወደ እሱ ይሂዱ። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ ማን የማንን ቤት ደፈረ የሚለውን ጥያቄ ሳትናገሪው ታነሺዋለሽና።

አሁን ረቂቁ ውስጥ መታረም ያለባቸውን ልንገርሽ። ታይገርሽ ከመዝለሉ በፊት ያገሳል። አያደርገውም። አድብቶ፣ ሆዱን ምድር አስነክቶ፣ ከኋላ ወይም ከጎን ይመጣል፤ አደኑ ውስጥ ድምፅ የለም። የሚያገሳው ሌላ ታይገር እንዲሰማው ሲፈልግ ነው። በ1980ዎቹ የሰንደርባንስ ሠራተኞች የሰው ፊት የተሳለበት ጭምብል ማጅራታቸው ላይ ያስሩ የነበረው ታይገር ከኋላ ስለሚመጣ ነው፤ ፊት እያየው ላይዘል ይችላል ከሚል ስሌት። ለልቦለድ እንዴት ያለ ዕቃ መሰለሽ! ባለ ሁለት ፊት ሰው ጫካ ሲገባ አስቢ፤ አንዱ ገጸ ባሕርይሽ ጭምብሉን ይርሳው።

ጭቃው ላይ ያሳየሽው ዱካ ጥፍር አለው። ታይገር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ዱካው ላይ የሚቀረው የመዳፉና የአራት ጣቶቹ ቅርጽ ነው፤ ጥፍር የሚታይበት የውሻ ዱካ ነው። አዋቂ ታይገሮች እንደ አንበሳ በመንጋ አይኖሩም፤ ስለዚህ «ሦስቱ ታይገሮች» ያልሻቸው እናትና ያደጉ ግልገሎቿ ካልሆኑ አንድ ላይ ሊያድኑ አይችሉም። ወንዙን ፈርቶ እንዲቆም ያደረግሽውም ቦታ አለ፤ ታይገር ዋና ይወዳል፣ የሰንደርባንሱማ ከደሴት ደሴት እየዋኘ ነው የሚኖረው። እንደ ድመት ሲደሰት ከጉሮሮው ሳያቋርጥ ኩርር አይልም፤ ወዳጅነቱን ሲገልጽ በአፍንጫው ፉርር የሚል አጭር ትንፋሽ ያወጣል። የገደለውን ከብትም በአንድ ሌሊት አይጨርስም። ሸፋፍኖት ይሄድና ለቀናት እየተመላለሰ ይበላል። ይህ ለአንቺ ትልቅ ስጦታ ነው፤ መንደሩ «ዛሬ ማታ ይመለሳል» እያለ የሚጠብቅባቸው ሌሊቶች በነፃ ተሰጡሽ።

ለቅጽሎቹ መልስ የምሰጥሽ በናይጄሪያዊው ደራሲ በዎሌ ሾይንካ ነው። ጥቁርነትን በኩራት ያወጀውን የኔግሪቲዩድን የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ሲተች ታይገር ታይገርነቱን እያወጀ አይዞርም አለ፤ ዘሎ ይይዛል እንጂ። «ግርማ ሞገስ» የሚለውን ሰርዘሽ ጆሮው ጀርባ ያለውን ነጭ ነጥብ ጻፊ። በሣር መሐል ሁለት ነጭ ነጥብ አይታ፣ ወፍ መስሏት የምታልፍ ሴት ከአሥር ቅጽል ትበልጣለች።

ተምሳሌቱን ምንም ሳይተርክበት ያገነነው እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ብሌክ ነው። በ1794 የታተመው «ዘ ታይገር» የተባለው ግጥሙ 24 ስንኝ አለው፤ ስድስት አንጓ፣ እያንዳንዱ አራት አራት ስንኝ። ልብ ብለሽ አንብቢው፦ ታይገሩ ግጥሙ ውስጥ ምንም አይሠራም። አይራመድም፣ አያድንም፣ አያገሳም። የሚሠራው ሠሪው ነው፤ ትከሻ፣ እጅ፣ መዶሻ፣ ሰንሰለት፣ የሚነድ ምድጃ። እንስሳው አንጥረኛ ቤት ውስጥ ሲቀጠቀጥ ነው የምናየው። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረደራል፤ አንዱም አይመለስም። ጠቦቱን የፈጠረ አንተንም ፈጠረህን ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀደም ብሎ በ1789 ስለ ጠቦቱ የጻፈውን ግጥም እየጠራ ነው፤ እዚያ ላይ ጠቦቱ ተጠይቆ መልሱን ወዲያው ያገኛል። የታይገሩ የመጨረሻ አንጓ ደግሞ የመጀመሪያው ድግም ነው፣ አንድ ግሥ ብቻ ሲቀር። መጀመሪያ ላይ «ማን ሊቀርጽህ ቻለ» የነበረው መጨረሻ ላይ «ማን ሊቀርጽህ ደፈረ» ይሆናል። ከአቅም ወደ ድፍረት። የግጥሙ ጉዞ በሙሉ በዚያች ግሥ ተሠርቷል። አንቺ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ «ታይገሩ የተፈጥሮ ቁጣ ነበር» ብለሽ ነግረሽናል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። አንባቢ የተነገረውን ትርጉም አይሸከምም፣ ራሱ የደረሰበትን ግን አይጥልም።

ያን ማርቴል በ2001 ባወጣው «ላይፍ ኦቭ ፓይ» ውስጥ ያለውን ታይገር፣ ሪቻርድ ፓርከርን፣ ታውቂዋለሽ። 26 ጫማ ርዝመት ባላት የነፍስ አድን ጀልባ ላይ አንድ ልጅ ከታይገር ጋር 227 ቀን ይኖራል። ማን ያምናል? እናምናለን፣ ምክንያቱም ማርቴል ጀልባዋን ለክቶ ነው የጻፈው። ሸራው የት እንደሚያልቅ፣ ከመቅዘፊያና ከመንሳፈፊያ ሰደርያ የተሠራው ተንሳፋፊ በስንት ገመድ እንደታሰረ፣ የመጠጥ ውኃው ከየት እንደሚገኝ ያሳየናል። ልጁ ታይገሩን የሚገራው በተአምር አይደለም፤ ጀልባዋን ለማዕበሉ ጎኗን እየሰጠ ያጥወለውለዋል፣ በዚያው ጊዜ ፊሽካ ይነፋል። ውሎ አድሮ ፊሽካው ብቻውን ይበቃል። የታይገሩ ስም እንኳ የጽሕፈት ስሕተት ነው፤ የአዳኙና የግልገሉ ስም ወረቀት ላይ ተለዋውጦ የተጻፈ። ይህ ሁሉ ከተቆለለ በኋላ ነው፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል፣ እንስሳ የሌለበት ሌላ ታሪክ የሚነገረን፤ ጀልባዋ ላይ የነበረው ጅብ የመርከቡ ወጥ ሠሪ፣ ኦራንጉታን የምትባለዋ ትልቅ ጦጣ እናቱ፣ ታይገሩ ራሱ ልጁ የሆኑበት። ያ ትርጉም ገጽ 20 ላይ ቢመጣ ኖሮ መጽሐፉ እዚያው ይሞት ነበር።

ሰው ወደ ታይገር የሚለወጥበትን ትዕይንት አላወጣም ካልሽ፣ ጃፓናዊው ደራሲ ናካጂማ አጹሺ በ1942 ያሳተመውን «ሳንጌትሱኪ» ሳታነቢ አትንኪው። መነሻው የቻይና የጥንት ተረት ነው። ሊ ዠንግ የተባለ ሰው ፈተናውን አልፎ ሹመት ካገኘ በኋላ ለትንንሽ አለቆች መስገድ አንሶበት ሥራውን ይተዋል፤ ስሙ የማይሞት ገጣሚ ልሁን ይላል። ግጥሙ አልሰምር ሲለው፣ ቤተሰቡም ሲራብ፣ ወደ ዝቅተኛ ሥራ ይመለሳል። አንድ ሌሊት አብዶ ወደ ጨለማው ሮጠ፣ ያኔውኑ ጠፋ። በኋላ አንድ የድሮ ጓደኛው ጎሕ ሳይቀድ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ታይገር ዘሎ ይመጣበትና፣ ሊይዘው ሲል ወደ ቁጥቋጦው ይመለሳል። ከቁጥቋጦው ውስጥ «ለትንሽ ነበር!» የሚል የሰው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ጭውውቱ በሙሉ ከማይታይ ታይገር ጋር ነው። መልኩን አይገልጽልንም፤ ድምፁን ብቻ። ሊ ዠንግ በመጀመሪያ የሚለምነው በቃሉ የያዛቸውን ግጥሞች እንዲጻፉለት ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን አደራ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ስሕተት መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ሰው ብሆን ኖሮ ቤተሰቤን አስቀድም ነበር፣ እንዲህ ያለው ሰው ነው አውሬ የሚሆነው ይላል። የለውጡን ምክንያትም ከአስማት አላመጣውም፤ ፈሪ ኩራቴና ትዕቢተኛ ኀፍረቴ ናቸው ይላል። ግጥሙን ለሌላ አሳይቶ እንዳይነቀፍ ፈራ፣ ከተራ ሰው ጋር መቆጠርንም ጠላ። ያንቺ ገጸ ባሕርይ ግን ስለተረገመ ብቻ ታይገር ይሆናል። ከመለወጡ በፊት የታይገሩ ጠባይ በእሱ ላይ የሚታይባቸው ሁለት ትናንሽ ድርጊቶች ስጪው።

ሌላው የቻይናና የኮሪያ ወግ ለዚህ ታሪክሽ ብዙ አይጠቅምሽም። በኮሪያው የዳንጉን አፈ ታሪክ ሰው ለመሆን ዋሻ ከገቡት ከድብና ከታይገር መካከል ትዕግሥት አጥቶ የወጣው ታይገሩ ነው። በቻይና ደግሞ ነጩ ታይገር የምዕራብ ጠባቂ ነው። እነዚህን የሕንድ ማር ቆራጭ አፍ ውስጥ ብትከቻቸው መቼትሽ ይፈርሳል። የእዚያው አገር ባለቤት አለልሽ፦ ቦንቢቢ፣ የጫካዋ እመቤት፤ ሂንዱውም ሙስሊሙም ጫካ ከመግባቱ በፊት የሚማጸናት። ተቃዋሚዋ ዶኪን ራይ ታይገር እየሆነ ሰው ይበላል። ዱኬ የተባለውን ድሃ ልጅ ዘመዱ በማርና በሰም ለውጦ ለዶኪን ራይ ትቶት ይሄዳል፤ ቦንቢቢም ታድነዋለች። ስግብግብነት የሚቀጣበት፣ ጫካው ለቦንቢቢና ለዶኪን ራይ የሚካፈልበት ታሪክ ነው። ማር ቆራጮችሽ ጀልባ ላይ ሆነው ስሟን ሳይጠሩ መግባታቸው አይታመንም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ታይገርሽ ቆሞ ዞር ይልና ልጅቷን በኀዘን ያያታል። ሪቻርድ ፓርከር ሜክሲኮ ዳርቻ ሲደርሱ ዞሮ ሳያይ ነው ጫካ የሚገባው፤ ልጁን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ሊ ዠንግ ግን ለጓደኛው ራሱን ያሳያል፣ አንድ ጊዜ ሰው ነበረና። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ወስኚ፦ ያንቺው ሰው ነበር ወይስ አልነበረም? ካልነበረ መዞሩን አውጪው። ከዚያ ሦስተኛውን ትዕይንት እንደገና ጻፊና ላኪልኝ፤ ዱካውንና የወንዙን ዋና አስተካክለሽ።

አባትሽ