የድጋፍ ጥሪ፦ ህንፃ አንግዛ፣ የቅዳሜውን ክፍል እናስከፍት

ጤና ይስጥልን የሎስ አንጀለስና አካባቢው ወገኖቻችን፣ የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ "የራሳችን ህንፃ ይኑረን" ላይ ነው የሚያርፈው። ሀሳቡን ማንም አይጠላውም፣ ግን በዚህ ከተማ የቤት ዋጋ ገና ዳውን ፔይመንቱን አዋጥተን ሳንጨርስ አሁን ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ኮሌጅ ይገባሉ። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴያችን ሌላ ሀሳብ ይዞ ነው የመጣው፣ ህንፃ አንግዛ፣ ባለው እንጠቀም። ያለው የቱ ነው ካላችሁ ልጆቻችን ከሰኞ እስከ አርብ የሚውሉበት የመንግስት ትምህርት ቤት ነዋ፣ ቅዳሜ ክፍሎቹ ተቆልፈው ነው የሚውሉት፣ የተሰሩበትን ብድር ደሞ እየከፈልን ያለነው እኛ ራሳችን ነን።

ይሄን ስል "እኔ መቼ ከፈልኩ" የሚለኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ቦንድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው የህዳሴ ግድቡን ነው፣ ከ2003 ጀምሮ ስንገዛው የነበረውን። እዛ ላይ አበዳሪዎቹ እኛ ነበርን፣ ጊዜው ሲደርስ ገንዘባችን ይመለስልናል ብለን ነው የገዛነው። እዚህ ካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ቦንድ ላይ ግን ተበዳሪው ህዝቡ ነው። ስቴቱ ወይ ዲስትሪክቱ (የአካባቢውን የመንግስት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል) ቦንዱን ለባንኮች፣ ለጡረታ ፈንዶችና ለመሳሰሉት ኢንቨስተሮች ይሸጥና ገንዘቡን ባንዴ ያገኛል፣ በሱ ይገነባል፣ ከዛ ለብዙ ዓመት ከነወለዱ ከታክስ ላይ ይከፍላል። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በኖቬምበር 2024 ፕሮፖዚሽን 2 ብለን ቮት ያደረግነው የ10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው፣ 8.5 ቢሊዮኑ ከመዋዕለ ህጻናት እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ትምህርት ቤቶች፣ 1.5 ቢሊዮኑ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጆች። ስቴቱ ለመክፈል ለ35 ዓመት በየዓመቱ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ነው የተገመተው፣ ይሄ ደሞ ከጠቅላላው የስቴት በጀት የሚወጣ ነው፣ ማለት ከደሞዛችን ከሚቆረጠው፣ ሱቅ ገብተን ስንገዛ ከምንከፍለው ታክስ። በዛው ምርጫ የኛ የሎስ አንጀለሱ ዲስትሪክት ደሞ ሜዠር ዩኤስ የሚባል የ9 ቢሊዮን ዶላር የራሱን ቦንድ አሳልፏል፣ እሱ በፕሮፐርቲ ታክስ ነው የሚከፈለው፣ ቤቱ ለታክስ በተገመተበት በየ100,000 ዶላሩ ወደ 25 ዶላር በዓመት። ሁለቱም የሚያስፈልጉበት ምክንያት ስቴቱ ብቻውን ስለማይገነባ ነው፣ እንደ ደንቡ አዲስ ህንፃ ሲሆን ቢያንስ ግማሹን፣ እድሳት ሲሆን ቢያንስ 60 ፐርሰንቱን ስቴቱ ይችላል፣ ሌላውን ዲስትሪክቱ ማምጣት አለበት።

"እኔ ተከራይ ነኝ፣ የቤት ታክስ አይመለከተኝም" የምትሉ ወገኖች፣ አከራያችሁ ያንን ታክስ ከየት አምጥቶ የሚከፍለው ይመስላችኋል፣ ከሬንታችሁ ነው። ኡበር የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሰራው፣ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም የምታድረው እህታችን፣ ሁሉም በየወሩ ለነዚህ ህንፃዎች እያዋጣ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ እየከፈልን እንደ እንግዳ በር ላይ እንቆማለን።

ህንፃዎቹ ደሞ እንዲሁ በቀላሉ የመጡ አይደሉም። በ90ዎቹ እዚህ ልጅ ያሳደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ሞልቷል እየተባለ ልጅ በቢጫው ባስ ተጭኖ ሌላ ሰፈር ነበር የሚሄደው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ በፈረቃ ስለሚሰራ 180 ቀን መማር የሚገባቸው ልጆች 163 ቀን ብቻ ነበር የሚማሩት፣ የቀኑን ሰዓት ትንሽ አስረዝመውላቸው ማካካሻ ነው ይባል ነበር፣ እኔ ግን የተወሰደባቸው ቀን እንደተወሰደ ቀረ ባይ ነኝ። በ1996 የ2.4 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለድምጽ ቀርቦ ያኔ የሚጠየቀው ሁለት ሶስተኛ ድምጽ ሳይሞላ ለጥቂት ወደቀ፣ በኤፕሪል 1997 ፕሮፖዚሽን ቢቢ ተብሎ እንደገና ቀረበና አለፈ፣ ከዛ በ2002፣ በ2004፣ በ2005፣ በ2008 እየተከታተሉ ሌሎች ቦንዶች አለፉ፣ በነሱ ብርና ስቴቱ በጨመረበት ከ130 በላይ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተሰሩ። አምባሳደር ሆቴል የነበረበት፣ ሮበርት ኬኔዲ በ1968 የተመታበት ቦታ ላይ በ2010 የተከፈተው ግቢ ብቻውን ወደ 578 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፣ ለአንድ ግቢ ይሄ በጣም በዝቷል ብዬ ነው የማምነው፣ ቢሆንም ያ ፈረቃ ቀርቷል፣ ልጆቻችን ዛሬ ሰፈራቸው ይማራሉ። ይሄ የሆነው ሰው ወጥቶ ድምጽ ስለሰጠ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በካሊፎርኒያ ህግ፣ ሲቪክ ሴንተር አክት በሚባለው፣ የመንግስት ትምህርት ቤት ክፍሎች ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሰፈሩ ህዝብ ስብሰባና ለልጆች ለሚጠቅሙ ፕሮግራሞች መፈቀድ አለባቸው፣ ዲስትሪክቱ ፐርሚት ይሰጣል፣ ለአገልግሎቱ የሚያወጣውን ወጪ ያስከፍላል። ከልመና የተለየ ነገር ነው፣ መብታችን ነው። እኛም ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙ የማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን አናግረን ቅዳሜ ጠዋት ሶስት ክፍል ማግኘት እንደምንችል ተነግሮናል፣ የቀረን ማመልከቻውን ከኢንሹራንስ ወረቀቱ ጋር ማስገባት ነው። ታዲያ ብሩ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ቦንድ ህንፃ ብቻ ነው የሚገነባው። በ2000 የወጣው ፕሮፖዚሽን 39፣ የዲስትሪክት ቦንድ በ55 ፐርሰንት ድምጽ እንዲያልፍ የፈቀደው ማለት ነው፣ ገንዘቡ ለመምህር ደሞዝና ለእለት ተእለት ማስኬጃ እንዳይውል በግልጽ ከልክሏል። ለመደበኛው ትምህርት እንኳን ያልተፈቀደ ገንዘብ ለኛ ቅዳሜ ከየትም አይመጣም፣ የሚያስተምረውን ሰው፣ መጽሐፉን፣ ክፍሉን ከፍቶ የሚያጸዳውን ሰራተኛ ራሳችን መቻል አለብን።

አሁን የምናስተምርበትን የቤተክርስቲያን አዳራሽ የሰጡንን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያለነሱ እዚህ አንደርስም ነበር። ግን ቦታው አይበቃም፣ መጥታችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የስድስት ዓመት ልጅ "ሀ ሁ ሂ" ሲል አጠገቡ የ13 ዓመቷ ልጅ ለአያቷ ደብዳቤ ለመጻፍ ትታገላለች፣ አንድ አስተማሪ ሁለቱን ባንዴ ማስተማር አይችልም። ክርስትና ወይ ተዝካር ካለ አዳራሹ ስለሚፈለግ ክፍሉ ይሰረዛል። የፊደል ገበታው በየሳምንቱ በስኮች ተለጥፎ በየሳምንቱ ስለሚነሳ ታች ጥጉ፣ "ፐ" ያለበት መስመር፣ ተቀዶ ሄዷል፣ ትንንሾቹ ፊደሉ "ፈ" ላይ ያለቀ ነው የሚመስላቸው። ሌላው ደሞ በግልጽ መባል ያለበት ነገር፣ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ልጆቻቸውን ቤተክርስቲያን አዳራሽ ማምጣት ቢከብዳቸው አይፈረድባቸውም፣ ጴንጤዎቹም እንደዛው። የመንግስት ትምህርት ቤት የሁሉም ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ቋንቋ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ማንም "የኔ ቦታ አይደለም" ብሎ አይቀርም። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምጓጓው ለዚህ ነው።

ለአንድ የትምህርት ዓመት የሚያስፈልገን 12,000 ዶላር ነው። ትልቁ ወጪ ለፐርሚትና ቅዳሜ መጥቶ ለሚከፍተውና ለሚያጸዳው ሰራተኛ የያዝነው 5,400 ነው፣ ኢንሹራንስ 1,200፣ ለሶስቱ አስተማሪዎች የነዳጅና ትንሽ የድካም ዋጋ 3,600 (እስካሁን በነጻ ነው ያገለገሉን፣ አንዷ ከሪቨርሳይድ ድረስ እየነዳች ነው የምትመጣው፣ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነው)፣ ቀሪው 1,800 ለመጽሐፍ፣ ለደብተር፣ ለፊደል ገበታና ለመሳሰለው። 40 ቤተሰብ በወር 30 ዶላር ለአስር ወር ቢያወጣ ይሞላል። ልጅ የሌላችሁ ወይ ልጆቻችሁ ያደጉላችሁ ደሞ የአንድ ልጅ መጽሐፍ ልትችሉ ትችላላችሁ፣ ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ ወገኖች የኢንሹራንሱን ብትሸፍኑልን ትልቅ ነገር ነው። አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጁን ዝም ብሎ ያምጣ፣ በገንዘብ ምክንያት የሚመለስ ልጅ አይኖርም፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚለውንም ከገንዘብ ያዥዋ ሌላ ማንም አያየውም።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ ጥያቄ እንደሚኖር አውቃለሁ፣ መኖሩም ተገቢ ነው፣ ከዚህ በፊት ተዋጥቶ የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ስንቱን ሰው እንዳስቀየመ ሁላችንም እናውቃለን። የ55 ፐርሰንቱን ቦንድ የፈቀደው ህግ በየዓመቱ ኦዲትን፣ ገንዘቡን የሚከታተል የዜጎች ኮሚቴንም አብሮ ግዴታ አድርጓል፣ እኛም ከሱ ወስደን ከኮሚቴው ውጪ የሆኑ ሶስት ወላጆች ደረሰኙንና የባንክ ስቴትመንቱን በየሶስት ወሩ አይተው ለሁሉም እንዲያሳውቁ ወስነናል። ከሶስቱ አንዱ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ፣ በተለይ አካውንቲንግ የሚያውቅ ሰው፣ እባካችሁ ራሳችሁን ጠቁሙ። ቼኩ ላይም ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፣ አንድ ሰው ብቻውን ማውጣት አይችልም።

ማመልከቻውን ለማስገባት መጀመሪያ ኢንሹራንሱ መገዛት ስላለበት የመጀመሪያው 1,200 ዶላር እስከዚህ ወር መጨረሻ ቢደርስልን ከአዲሱ ሴሚስተር ጀምሮ ክፍሎቹን እናገኛለን፣ ካለፈን ግን ሌላ ግሩፕ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። በዜል መላክ የምትፈልጉ መረጃው የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከላይ ፒን ተደርጓል፣ ቼክ ወይ ካሽ ለምትሰጡ ገንዘብ ያዥዋ ቅዳሜ ከክፍሉ በኋላ እዛው አዳራሽ ትገኛለች፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ልጅ ለማስመዝገብም እዛው ስምና ዕድሜ ማስጻፍ ነው፣ አማርኛ ጭራሽ የማይሰሙም ይምጡ፣ ለነሱ የተለየ ክፍል ይኖራል።