እማዬ፣ የክኒኑን ሰዓት እንቀይረው

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ለገና ዘጌ እንሄዳለን ብለው ከአሁኑ እያስጨነቁኝ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ሁልጊዜ ላውድ ላይ ስለምታደርጊው ነው። ጎረቤት እየሰማ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒትሽ እንዴት ላውራሽ? ደግነቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረሻል፤ ደብዳቤ የሚያነብልሽ ሰው አትፈልጊም።

ባለፈው አንቺ ጋ ስሰነብት ክኒኑ ለምን እንደሚያመልጥሽ አየሁ። ነርሷ «እማማ ይረሳሉ» ትላለች። አንቺ ትረሻለሽ? የማን ተዝካር መቼ እንደሚውል፣ ማን ስንት ኪሎ ቡና እንዳልመለሰልሽ ከነቀኑ የምታውቂ ሴት! ሰው እንዳያይሽ ስትጠብቂ ነው የሚያልፍሽ።

ሰዓትሽ የሁለት ሰዓት ዜና ነው። ዜናው ሲጀምር ቀስ ብለሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። ግን በዚያ ሰዓት ቤታችን መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ቡና የሚጠጣው አለ፣ ቴሌቪዥን ሊያይ የመጣው አለ። እንግዳው እስኪሄድ ትቆያለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥልሻል። መብራት የጠፋ ቀንማ ዜናም የለ፣ ክኒንም የለ።

ለመሆኑ ማታ መሆን አለበት ያለሽ ማነው? ያ የድሮ ነገር ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተቀይሯል። መጀመሪያ የሰጡሽ ስታቩዲን ያለበት ነበር፤ እግርሽን እሳት እንደነካው ያቃጥልሽ የነበረው በእሱ ነው። ቀጥሎ ኢፋቫይሬንዝ መጣ። እሱ ያዞራል፣ ቅዠት ያመጣል፤ ስለዚህ ሲተኙ ይዋጥ ተባለ። አሁን የምትወስጂው ሌላ ነው። ዶሉቴግራቪር፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በአንድ ክኒን ውስጥ አሉ። በቀን አንዴ ነው፤ ጠዋትም ማታም፣ ከምግብ ጋርም በባዶ ሆድም ይዋጣል። መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ያንቺ ሰዓት ግን የድሮው ላይ ቀረ።

ስለዚህ ጠዋት ይሁን። ለጸሎት ስትነሺ ከእግዜር በቀር የሚያይሽ የለም። ጾም ሲሆንስ ትዪኛለሽ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ምስጢር ጠባቂ ናቸው። ካልሆነልሽ ከሰዓት 10 ሰዓት ይሁን፤ ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው። ከማታው ወደ አዲሱ ሰዓት እንዴት እንደምታዞሪው ነርሷ ታሳይሻለች። ስለ ጠበሉም እንዳትጨነቂ። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጠበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ ብላለች። ክኒኑን አቁመሽ ጠበል ግቢ የሚልሽን ሰው አትስሚው።

ማታውን የጠላሁበት ሌላም ምክንያት አለ። ከእራት በኋላ የምትጠጪው የጨጓራ ሽሮፕ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ክኒኑ ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ መዋጥ አለበት፤ ሽሮፑ ከቀደመ ደግሞ 6 ሰዓት ሙሉ መጠበቅ ነው። አንቺ ግን ሽሮፑን ትጠጪና ወዲያው ክኒኑን ታስከትያለሽ። ለሐኪሙ ስለ ጨጓራሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?

ለቅሶ ስትሄጂ ደግሞ ክኒኑን ጭራሽ ቤት ትተሽው ትሄጃለሽ። ዱርቤቴ ሄደሽ ሳምንት ስትቀመጪ እንደዚያ ነው ያደረግሽው። ይገባኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሴት ተደርድሮ ይተኛል፣ ብልቃጡም ሲነካ ይንኳኳል። ጥጥ ጠቅጥቂበት፣ ድምፁ ይጠፋል። ወረቀቱን ላጪው ከፈለግሽ፤ ከብልቃጡ አውጥተሽ ግን በጨርቅ አትቋጥሪው፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ፍልሰታ ሱባኤ ስትገቢም እንዲሁ።

ዘጌ ጤና ጣቢያ እያለ ባሕር ዳር ድረስ በጀልባ መሄድሽን አልቃወምም። ዘጌ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ የክርስትና ልጅሽ ልትሆን ትችላለች። ግን ጣናን ከሰዓት ነፋስ ያስነሳዋል፣ መንገድም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የ6 ወሩን ይስጡኝ በያቸው፤ ደህና ለሆነ ሰው ይሰጣሉ። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ብዙ ሲቀረው ሂጂ።

ባለፈው ምርመራ «ቫይረሱ አይታይም» ስላሉሽ ደስ ብሎሻል። እኔም እልል ብያለሁ። ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ አለ። ክኒኑ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እየተዋጠ እየተተወ ሲሄድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል። የረሳሽው ቀን ትዝ ሲልሽ ዋጪው፤ ቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አትደርቢ። ለልጆቹም በተለየ ሲኒ መቅዳትሽን ተዪ፤ ይህ ቫይረስ በሲኒ አይተላለፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ለትንሿ እህትሽ ንገሪያት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ነኝ። እሷ ወሬ ታበዛለች እንደምትዪ አውቃለሁ። ስለ ሰው ሰርግ ታበዛለች፤ የቤቷን ጉድ ግን አንድ ቀን ስታወጣ ሰምተሻት ታውቂያለሽ? ለቅሶም አብራችሁ ነው የምትሄዱት፣ ሱባኤም አብራችሁ ነው የምትገቡት። እሷ ካወቀች ከሰው መሃል «ነይ እስቲ ውኃ አቀብዪኝ» ብላ ታስነሳሻለች። በራስሽ አፍ መናገር ከከበደሽ ለገና ስመጣ ሦስታችን እንቀመጥና እኔ እጀምረዋለሁ።

አዲሱን የደም ምርመራ ወረቀት አስቀምጪልኝ፣ ስመጣ አየዋለሁ። የሽሮፑንም ስም ጽፈሽ ያዢ። ለአክስቴና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ